ክብርት ዊልማና የአባቶች ደረጃ

«ከወንዙ ማዶ ልቤን ትቼ፣ እምምም…» ዘፈኑ ከዚህ አያልፍም። የቀረውን ግጥም አክስት ዊልማ ረስተውታል፤ ዜማውን ግን እስከ መጨረሻው ያንጎራጉሩታል። እንጉርጉሮውን የሰማ አሠልጣኝ ሁሉ ላብ ያጠምቀዋል፤ ቡድኑ እየተመዘነ ነዋ!

ላክሮስ የሚባለው የኳስ ጨዋታ ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ በዚያ መረብ ባለው ዱላ አንድ ግብ ሳያገባ፣ የማን ልጆች ከማን ልጆች ጋር መጋጠም እንዳለባቸው ከፈጣሪ ቀጥሎ የሚያውቅ። እኛ በካናዳ የግራንድ ወንዝ ሰዎች የታደልነው ክብርት ወይዘሮ ዊልማ ስካይን ነው፤ የአራቱ ደረጃዎች ሹም፣ የኩሩ አባቶች መቅሰፍት። በየበጋው መግቢያ ቡድኖቹ ለሙከራ ሲጋጠሙ አይተው ይደለድላሉ፤ ጠንካራውን ከጠንካራ፣ ጀማሪውን ከጀማሪ።

አባት ሁሉ ልጁን አንደኛ ደረጃ ማየት ይፈልጋል። «የምደለድለው ልጆቹን ነው፤ አባቶቹን አይደለም» ይላሉ አክስት ዊልማ። ዋንጫ አምሮት፣ ጎበዙን ደብቆ ዝቅ ያለ ደረጃ የሚለምን አሠልጣኝም አለ። አንዱ የኮከቡን እግር በፋሻ ጠቅልሎ ዳር አስቀመጠው። «ወይኔ አክስቴ፣ ቁርጭምጭሚቱ!» አክስት ዊልማ ከንፈራቸውን መጠጡለት። ወዲያው የአይስክሬም መኪና ደወል ተሰማ። ቁስለኛው ከመንደሩ ልጅ ሁሉ ቀድሞ ደረሰ።

«ተመስገን፣ ዳነ!» አሉና ቡድኑን አንደኛ ደረጃ ላይ ሰቀሉት።

ዘንድሮ ግን ነገሩ እኔ ቤት ገባ። ልጄ ዌስ ግብ ጠባቂ ነው። አምና ቡድኑ፣ ሌላ ደልዳይ ባለበት ማኅበር፣ አንደኛ ደረጃ ገብቶ ግብ እንደ ዝናብ ሲወርድበት ከረመ። ልጄም በረዶ እንደመታው ወፍ ዝም አለብኝ። «ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ ዱላዬን ለሌላ ልጅ ስጡት» ብሎኛል። አክስት ዊልማ ሦስተኛ ደረጃ ሲመድቡን ግን፣ አሠልጣኙ ዴልበርት ቦምበሪ አንደኛ ካልሆነ ብሎ ፊታቸው ሙጭጭ አለ።

«አያቴ አንደኛ፣ አባቴ አንደኛ፣ እኔ አንደኛ! ሦስተኛ ገብቼ በየት በኩል ልለፍ?»

«አያትህ ይምጡና አንደኛ አስገባቸዋለሁ። እነዚህ ልጆች ሦስተኛ ናቸው።»

«አብረን ተምረን እንዲህ ታዋርጂኛለሽ?»

«ያኔም ጩኸታም ነበርክ።»

ዴልበርት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳቸው።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ ሆነ። አክስት ዊልማ ለውጤት ሰሌዳው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከዌስ መረብ ኋላ ቆመው ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«ምን እየሰሙ ነው?» አልኳቸው።

«ልጅህን። ግብ ጠባቂ የቡድኑ ዓይን ነው፤ ያየውን ካልጮኸ፣ ደረጃውን ተሳስቻለሁ ማለት ነው።»

አንድ ገባበት። ዝም። ሌላ ተደገመ። ዝም። የአክስት ዊልማ እንጉርጉሮ ቆመ፤ ፊታቸው ከእኔ ይብስ ገረጣ። ቀጥሎ የመጣው ኳስ ግን ከዌስ ደረት ነጥሮ ተመለሰ፤ የእኛዎቹ ቀልበውት በረሩና አገቡ። ያን ጊዜ ከጭምብሉ ውስጥ፣ አምና የጠፋብኝ ድምፅ ፈነዳ።

«ግራህን! ግራህን አንተ ቀርፋፋ! ከኋላህ መጣ፣ ያዘው፣ ያዘው!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! አክስት ዊልማ እጄን ጨብጠው እንደ ልጃገረድ ዘለሉ። እኔም ያንን እጅ አልለቅም አልኩ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ።

በአንድ ግብ ተሸነፍን። ልጆቹ ግን «ይጠብቁን፣ እናሳያቸዋለን!» እየተባባሉ፣ እየተጓተቱ ወጡ። ዌስ ጭምብሉን እንኳ ሳያወልቅ፣ «አባዬ፣ ቀጣዩ መቼ ነው?» አለኝ።

ዴልበርት በአንድ እጁ የበቆሎ ሾርባ፣ በሌላው ወንበር እየጎተተ መጣ።

«ተሸነፍን እኮ» አለ ፊቱን አኮሳትሮ።

«ሰማሁ።»

«እንዴት ደስ የሚል ሽንፈት ነው፣ አንቺ ክፉ ሴትዮ!» ሳቁ አመለጠው። «ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል። በይ ተቀመጭ፣ ሳይቀዘቅዝ ብይ።»

ክብርት ዊልማ ተቀመጡ፤ ማንኪያውንም አነሱ።