ጀርባዋን የማትሰጥ መኪና

መቁጠር የማያውቅ ሰው የታደለ ነው። ቢጎድልበት አያውቅም፣ ቢተርፈው አይደነግጥም። እኔ ግን ቆጣሪ ሰው ነኝ። ከቤቴ ደጃፍ እስከ መቱ ገበያ ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ዝናብ የጣለ ቀን ጭቃውን መዞር ስላለ ስድስት መቶ ሰባ ይሆናል። የጎረቤቴ ውሻ መንገደኛ ሲያይ አሥራ አንድ ጊዜ ጮሆ ዝም ይላል። ቄሱ እግዚኦታ ሲያደርሱ ሌላው ምእመን በጣቱ አንጓ ይቆጥራል፤ እኔ ከጸሎት በኋላ ጠጋ ብዬ ሁለት መዝለላቸውን እነግራቸዋለሁ። በዚህ የተነሳ ሰው አይወደውም እንዳትሉኝ። ይወደኛል። ራቅ ብሎ ነው እንጂ።

አመሉን ያመጣሁት ከእንጀራዬ ነው። ጠላት በወጣ ማግስት መቱ ስገባ የቡና ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ስለሆንኩ አንድ ጆንያ በተሸከምኩ ቁጥር አንድ የበቆሎ ፍሬ ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ ኪሴ አሻግር ነበር። መጋዘን ጠባቂው "አርባ ነው" ሲል እኔ "አርባ ሁለት" እላለሁ፤ እንደገና ሲቆጠር አርባ ሁለት ይሆናል። ሃያ ዓመት ሙሉ በቆሎዬ አንድም ቀን አልዋሸችኝም። ሰው ደግሞ በአንድ ነገር ሃያ ዓመት ልክ ከሆነ በሁሉም ነገር ልክ የሆነ ይመስለዋል። መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ይሄ ነው።

ካለፈልኝ በኋላ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ መኪና ገዛሁ። ሰማያዊ ናት፣ እንደ ጀልባ ረጅም። አውቶማቲክ ነች፤ ፍሪሲዮን የሚባል የላትም፣ ማርሹን ራሷ ትቀያይራለች። የመቱ ሾፌሮች ጎንበስ ብለው ከሥር ሁለት ፔዳል ብቻ ሲያዩ "አንድ እግሯ ተቆርጧል" ብለው አዘኑልኝ። ከሁሉ ይልቅ ያዘነልኝ ዱጉማ ነው። ዱጉማ የቡና መጫኛ ካሚዮን አለው። በወጣትነታችን አብረን ጆንያ ተሸክመናል፤ አብረው የተሸከሙ ሰዎች ደግሞ ሲያልፍላቸው ማን ቀድሞ እንዳለፈለት ሲከራከሩ ያረጃሉ።

"ኦቦ ደርቤ፣" አለኝ፣ "ራሷ የምታስብ መኪና ምን ያደርግልሃል? የምታስብ ሚስት አልበቃችህም?"

መኪናዋ ስምንት ወር አሰበች። በዘጠነኛው ማሰብ አቆመች። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። ይህ የሆነው ለልጄ ለአስካለ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሲቀር ነው። እኔ ደግሞ በሽማግሌዎች ፊት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "ልጄ ጎሬ ባሏ ቤት የምትገባው በአባቷ መኪና ነው" ብዬ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ዱጉማ ወሬውን በሰማ በማግሥቱ መጥቶ፣ "አይዞህ፤ ካሚዮኔ አለች። ጆንያውን አራግፌ አነጥፍላታለሁ" አለኝ። ይታያችሁ፤ አስካለ በነጭ ልብሷ በዱጉማ ጆንያ ላይ! ይህን ነገር ዱጉማ እስክሞት ድረስ ያወራዋል፣ ከዚያ በቀብሬ ላይ ያወራዋል።

ጅማ ያለው መካኒክ "አውቶማቲክ ካምቢዮ አልነካም" ብሎ ላከብኝ። ስለዚህ ራሴ ልፈታው ቆረጥኩ።

"ሰው የሠራውን ሰው ይፈታዋል" አልኳት ባለቤቴን ዘነበችን።

"የሚፈታው ያው የሠራው ሰውዬ ቢሆን ጥሩ ነበር" አለችኝ።

አራት ተሸካሚዎች ካምቢዮውን፣ ያን ማርሽ የሚቀያይረውን ሳጥን፣ አውርደው ግቢ ውስጥ ቁርበት ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ በለመድኩት ዘዴ ጀመርኩ። አንድ ዕቃ ስፈታ አንድ የበቆሎ ፍሬ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ። ዕቃውን በነጭ ጋዝ አጥቤ የኮባ ቅጠል ላይ በተራ አስተኛዋለሁ። ቁጥሩን በጭንቅላቴ አልያዝኩም፤ በቆሎ እያለች ራስን ማድከም ለምን? በሦስተኛው ቀን የውስጡ ሁሉ ቅጠል ላይ ተዘርግቶ የገበያ ቀን መሰለ። በሽታውንም አገኘሁት። የተበጠሰ የላስቲክ ቀለበት ነው። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ አምሳያውን ሠራሁ። ያን ጊዜ በራሴ የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልኮራሁም።

መግጠም ስጀምር ደግሞ አንድ ዕቃ በገባ ቁጥር አንድ ፍሬ ከጣሳው አወጣለሁ። ፍሬው አለቀ። ጣሳውን ደፋሁት፣ አራገፍኩት፤ ባዶ ነው። ቅጠሉ ላይ ግን ሰባት ዕቃ ተኝቷል። ሁለት ሞላ፣ ሦስት የብረት ብይ፣ አንድ የላስቲክ ቀለበት፣ አንድ ምላስ የምታህል ብረት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? "ሰባት ረሳሁ" ትላላችሁ። እኔ ግን እንዲህ አልኩ። በቆሎዬ አትዋሽም፤ እንግዲያው የሚዋሸው ብረቱ ነው። ፈረንጅ አርቆ አሳቢ ስለሆነ መለዋወጫውን እዚያው ውስጥ አስቀምጦ ልኮታል። ሰባቱን በመሐረብ ቋጠርኳቸው። ዘነበች አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

"ምነው?"

"ምንም። አንተ ቆጥረሃል።"

ቅዳሜ ካምቢዮው ወደ ቦታው ገባ። መኪናዋ አፍንጫዋን ጓዳው ግድግዳ ላይ አስደግፋ ስለቆመች በኋላ ማርሽ ሞከርኳት። ሦስት እርምጃ ከግማሽ ሄደች! ድግስ ሊያግዙ የመጡት ሴቶች እልል አሉ፣ እኔም ዕድሌን እንዳልጨርሰው ብዬ ሞተሩን አጠፋሁት። የሄደች መኪና ሄዳለች፤ ወዴት እንደሄደች ማን ይጠይቃል?

እሑድ ሙሽሮቹ ከኋላ ገቡ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ተደርድረው መረቁ፤ በመካከላቸው ከጎሬ የመጡት የሙሽራው አያት ግራዝማች ኩምሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በኋላ ማርሽ ከግቢ ወጥቼ መንገዱን ያዝኩና ማርሹን ወደፊት አደረግሁት። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ እንዳኮረፈች በቅሎ ቆመች። እንደገና ሞከርኩ፤ ምንም። ዱጉማ የካሚዮኑን ሞተር አስነስቶ፣ ጆንያውን አንጥፎ፣ በመስኮቱ ብቅ አለ።

"ኦቦ ደርቤ፣ ልጅቷን ላውርድልህ?"

በተስፋ መቁረጥ የኋላ ማርሽ መልሼ አስገባሁ፤ መኪናዋም ቀስ ብላ፣ ፊቷን ወደ ሽማግሌዎቹ እንዳደረገች፣ ወደኋላ ማፈግፈግ ጀመረች። ይሄኔ ግራዝማች ከዘራቸውን አነሡ።

"ቁም! እዩ! እዩ እንጂ እናንተ! ጀርባዋን አልሰጠችንም!"

ግራዝማች በጉብዝናቸው ቤተ መንግሥት ገብተው ያውቃሉ። ከትልቅ ሰው ፊት የሚወጣው እጅ ነስቶ፣ ጀርባ ሳይሰጡ፣ ወደኋላ እየተራመዱ መሆኑን አገሩ ሁሉ ከሳቸው ተምሯል። እኔ ደግሞ የሰጡኝን ነገር የማልቀበል ሞኝ አይደለሁም።

"ሥርዓት አይደለም እንዴ ግራዝማች?" አልኩ። "ከወላጅና ከሽማግሌ ፊት ዞሮ ይኬዳል?"

ዱጉማ አንገቱን አስገባ። የኔ ሐሳብ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ላይ ካለው መታጠፊያ ደርሼ፣ ከዓይን ስሰወር የሚሆነውን ማየት ነበር። ግራዝማች ግን "ከእንዲህ ያለች መኪናማ አልቀርም" ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። የቀሩት ሽማግሌዎች ዱጉማ ካሚዮን ላይ ወጥተው ተከተሉን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ግራዝማች በመስታወቱ ፊት ለፊት አዩ።

"ሽማግሌዎቹ አሁንም ፊታችን ናቸው። እንዳትዞር።"

ከመቱ ጎሬ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። አቀበት ነው። አንገቴን ወደ ጎሬ ጠምዝዤ ነዳሁ፤ ላሳርፈው ወደ መቱ በዞርኩ ቁጥር የዱጉማ ፊት ከመስታወቱ ጀርባ አፍጥጦ ይጠብቀኛል። አፍንጫ ለአፍንጫ። መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። እኔ ራዲያተሯን ውሃ ለማጠጣት አራት ጊዜ ቆምኩ፤ እሱ በኔ እርምጃ ሲያዘግም ሞተሩ ግሎበት ስድስት ጊዜ ቆመ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

"አባዬ፣ አንገትህ!" አለች አስካለ ከኋላ።

"ዝም በይ፤ ሥርዓት ነው።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እየተንቀጠቀጠች በሳቅ አለቀሰች። ጎሬ ስንደርስ ሴቶቹ "አቤት፣ እንዴት በወግ ታለቅሳለች! የጨዋ ልጅ!" አሉ።

በማግሥቱ ስመለስም ለጎሬ ጀርባ አልሰጠሁም። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ዘነበች አንገቴን በቅቤ እያሸች፣ "ስንት ሙሽራ ሸኝቻለሁ፤ የማየው ማጅራቷን ነው" አለችኝ። "የልጄን ግን እስከ መታጠፊያው ድረስ ፊቷን አየሁት።" እጇን እንደገና ቅቤው ውስጥ ነከረች። ከዚያ፣ "ያቺ ገብስማ ዶሮ ሐሙስ ዕለት ጣሳህ ውስጥ አንገቷን ከትታ ነበር" አለች።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተን 'ተሳስተሃል' የሚል ማን ተፈጥሮ?"

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ በምን ትወቀሳለች? ሕልሟን በጣሳ ያቀረብኩላት እኔ ነኝ። በቤቴ ያለውን ሁሉ ስቆጥር ዶሮዎቹን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ስምንት ናቸው። ካምቢዮውን እንደገና አውርጄ፣ ስምንቱንም ዘግቼ፣ ሰባቱን ዕቃ አስገባሁ። መኪናዋ ወደፊት ሄደች።

እኔ ግን ዘግይቼ ነበር። አገሩ ለምዷል። በዚያ ጥር አምስት ሙሽሮች ሸኘሁ፤ አምስቱንም ወደኋላ። "ወደፊት ትሄዳለች እኮ" ስላቸው እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። ሥርዓት የምንለው ነገር ሁሉ ሥሩ ቢቆፈር ከግማሹ በታች ሰባት ዕቃ የረሳ ሰው ሳይገኝ አይቀርም።

በመጨረሻ ዱጉማ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ቡናው አወራ፣ ኮፍያውን ሦስት ጊዜ አወለቀ። ሴት ልጁን ለጎሬ ሰዎች ሊድር ነው።

"ማሎ፣ እባክህ ኦቦ ደርቤ፣" አለኝ፣ "አማቾቼ ካሚዮኔን አንፈልግም አሉ።"

በሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ ልጁ ከኋላ፣ ዱጉማ ከጎኔ ተቀመጡ። አንገቴን አሟሟቅሁ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ተደርድረዋል። እጄን ወደ ማርሹ ስሰድ ዱጉማ እጄን ያዘኝ።

"ወደፊትም ትሄዳለች ያልከኝ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

ሽማግሌዎቹን አየ። ከዚያ በሹክሹክታ፣

"አደራህን፣ የፊቱን እንዳትነካው" አለኝ።