የላዩን መደርደሪያ ማን ያወርዳል?

ቆዩ፣ ሳቄ ይብረድልኝ። ወንድሜ ሸምሱ ትዝ ባለኝ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል። ዋናው ግን ኋላ ይመጣል፤ አትቸኩሉ፣ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ድንክ ነኝ። ሰው በሹክሹክታ የሚለውን እኔው ልበለውና ይውጣላችሁ። መስቃን ገጠር ተወልዳ እንሰት መፋቅ ያቃታት ሴት ምን ትሆናለች? ፋቂዋ መሬት ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ላይ ትሰቅልና ልጡን ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ በተረከዟ ትይዛለች። የኔ እግር ሳንቃው ጋ ሳይደርስ ያልቃል! እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጓዳ ግቢ እባላለሁ። እኛ ቤት እንግዳ የማይመጣበት ቀን አለ እንዴ? ከጓዳው ሸረሪቶች ጋር ተዛመድን።

ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንድ ቀን ብድግ ብዬ ቡታጅራ ዘመድ ዘንድ ገባሁ። ሸምሱ፣ ታላቄ ነው፣ መልእክት ላከ። እስከ ገበያ ቀን ሥራ ካላገኘች መጥቼ እወስዳታለሁ አለ። ወዴት? ወደ ጓዳው ነዋ።

ፍለጋ ጀመርኩ። አንዲት ባለ ምግብ ቤት፣ ከሰሜን የመጣች ሴትዮ፣ ከድስቷ ቀና ሳትል ሂጂ እናትሽን ጥሪ አለችኝ። በኋላ ፊቴን ስታይ አፈረች፤ በሀፍረቷ ምሳ አበላችኝ። ሥራውን ግን አልሰጠችኝም። በርበሬ መጋዘን ሄድኩ። ሰውየው ከጆንያ ጎን አቆመኝና አስተያየን፤ ጆንያውን መረጠ።

የቀረኝ የሀጂ ነስሮ ጨርቅ ቤት ነው። ሀጂ ደግ ናቸው፣ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። የላዩን መደርደሪያ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው መደርደሪያውን አዩ። የላዩን ማን ያወርዳል ልጄ አሉኝ። ለገበያ ቀን ብቻ ይሞክሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። በይ አላህ ያግዝሽ አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ባንኮኒው እንዳይደብቀኝ ሣጥን ላይ ወጣሁ። ሱቁ በሴቶች ጢም ብሏል፤ ሀጂ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት መስጊድ ሄደዋል። የታችኛው መደርደሪያ ቶሎ ተራቆተ። ሁሉም የላዩን፣ የላዩን ሲሉ እኔ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ይኸኔ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ሸምሱ! ራሱ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው። በይ ውረጂ፣ በቃሽ አለኝ።

እሺ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ያንን ሰማያዊ ጣቃ አቀብለኝ፣ ሴትዮዋ ቆማለች አልኩት። አቀበለኝ። ይህ ሥራ ላንቺ አይሆንም አለ፤ አቡጀዲውን አወረደ። ሰው ይስቅብናል አለ፤ አበባማውን አወረደ። እኔ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ከሴቶቹ ጋር በዋጋ እከራከራለሁ። አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው የተባለው እንዲያው ነው? አንዷ «ወንድሜ፣ ከጥግ ያለውን ቀዩን» ብትለው «መጣሁ» አላት እኮ!

ሸምሱ ሁለት ጣቃ ታቅፎ ሦስተኛውን በአገጩ ደግፎ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ የላዩን እንዴት ታወርጃለሽ እያለ ሲቆጣኝ፣ ሀጂ ከመስጊድ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ሸምሱ እዚያው እንደታቀፈ፣ ሀጂ፣ እህቴ ለዚህ ሥራ አትሆንም፣ ልወስዳት ነው የመጣሁት አላቸው።

ሀጂ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና እንዲህ አሉት፦

«እሷንስ ቀጥሬያታለሁ፤ አንተን ግን ማን ቀጠረህ ልጄ?»