የዶክተር ኤርሜቴ የፊት ማርሽ

ብስክሌት ያለበት ከተማ ሁሉ የሰው ማርሽ ጥርስ የሚቆጥር አንድ ሰው አያጣም። ይህ ሰው ልጅህን ለማን እንደምትድር ባታማክረው አይከፋውም፤ ሳታማክረው ማርሽ ከገዛህ ግን ዕድሜ ልክህን ይቀየምሃል።

የእኛው ክቡር ዶክተር ኤርሜቴ ፓሊያሪን ናቸው። ዶክተር እንላቸው እንጂ ባለ መድኃኒት ቤት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐኪም ያዘዘውን ሲያድሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ራሳቸው ማዘዝ ጀመሩ። እሑድ ጠዋት ቡድናችን ቡና ቤቱ ደጃፍ ሲሰበሰብ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳው ላይ የተደገፉትን ብስክሌቶች አንድ በአንድ ይጎበኛሉ። በእኛ አገር ብስክሌት ሲደገፍ ሰንሰለቱና ማርሹ ወደ ሰው ነው የሚዞሩት። ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው፣ እንደ ዶክተሩ አባባል፣ እንግዳ ጠርቶ ጀርባውን የሰጠ ነው።

ሕመሙ ምንም ይሁን ምን የሚያዙት አንድ ነው፤ ትልቅ የፊት ማርሽ። ፔዳሉ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ብረት ትልቅ ሲሆን ሜዳውን ያስበርራል፣ ዳገት ላይ ግን ነፍስ ያወጣል። ትንሹ ዳገቱን ያቀላል። ይህን ብትነግራቸው «እግር ያልሠራውን ብረት አይሠራውም» ይላሉ፤ ክርክሩም በዚሁ ያበቃል።

ዳቦ ጋጋሪው ኦስቫልዶ አንድ ጊዜ ትንሽ ማርሽ አስገጥሞ መጣ። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። ቀና አሉና በሐዘኔታ ድምፅ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ ቤተሰቡስ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ምስኪን ኦስቫልዶ በሳምንቱ ትልቁን መልሶ አስገጠመ። በእሱ መሳቄ ደግ አይደለም፤ እኔም ጉልበቴ ሲንቋቋ እየሰማሁ ያዘዙልኝን ስገፋ ነው የኖርኩት።

በየመስከረሙ ወደ ሳንታ ኦርሶላ ጸሎት ቤት የሚወስደውን ዳገት እንወጣለን። እግሩን መሬት ሳያስነካ የደረሰ ደወሉን ይደውላል፤ ያስነካ እጁን ኪሱ ከትቶ ያዳምጣል። ዶክተሩ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሳይደውሉ ያለፉት መስከረም አልነበረም። አምና ግን፣ ጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ፣ መጨረሻው ኩርባ ላይ እግራቸው ወረደ። እኛ ስንደውል እሳቸው ኮፍያቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቆዩ። በማይችለው ዳገት ላይ ስንቱን ያስለቀሱ ሰው ናቸው፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴን በሉት።

ዘንድሮ በዋዜማው ባለቤታቸው ሲኞራ ኖኤሚ መንገድ ላይ ያዙኝ።

«ነገም እግሬ ከወረደ ብስክሌቱን ለጸሎት ቤቱ ቄስ እሰጠዋለሁ ብሏል» አሉኝ። «ሰጥቶ ደግሞ ቤት ሊቀመጥብኝ ነው። እባክህ ሩጀሮ፣ ትንሹን ማርሽ እንዲያስገጥም ንገረው። አንተን ይሰማሃል።»

«እኔን ቢሰሙኝ ኖሮ ጉልበቴ እንዲህ ይሆን ነበር፣ ሲኞራ?»

ቢሆንም ሄድኩ። ዶክተሩ ጋራዣቸውን ከውስጥ ቆልፈው ሥራ ላይ ነኝ አሉኝ። መዶሻ ሲያስቀምጡ ሰማሁ።

በማግስቱ ዳገቱ ላይ ቢወድቁ ላነሣቸው ብዬ ከኋላቸው ሆንኩ። የሚያነሣ ያስፈለገው ግን እኔን ነበር። መጨረሻው ኩርባ ላይ ላቤ ዓይኔን ጋርዶት ስቃትት፣ እሳቸው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ እግራቸውን እንደ ስፌት መኪና ቶሎ ቶሎ እያዞሩ ጥለውኝ ሄዱ። እግራቸው መሬት ሳይነካ ደረሱ። እንደ ምንም ተከትያቸው ስደርስ ብስክሌታቸው የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ተደግፏል። ሰንሰለቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

ሁላችንም አየን፤ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ኦስቫልዶ የራሱን ብስክሌት ገፍቶ አጠገባቸው አስደገፈ፤ ሰንሰለቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ። እኔም እንደሱ አደረግሁ። ሌሎቹም ተከተሉ።

ዶክተሩ የደወሉን ገመድ እንደያዙ ጀርባውን የሰጠንን ያን ሁሉ ብስክሌት አዩ። ገመዱን ለቀቁ። ሄደው የራሳቸውን ብስክሌት ወደ እኛ አዞሩትና «ቁጠሩ» አሉ። የሚቆጥር ጠፋ። «ሠላሳ አራት ጥርስ ነው፤ ትንሹ ማርሽ። ማታ ራሴ ነኝ የገጠምኩት» አሉ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

ከዚያ ደወሉን ሸለቆው እስኪናወጥ ደወሉት። እኛም ጮኽን፣ አጨበጨብን፤ ኦስቫልዶ አለቀሰ።

ትንፋሻቸው ሳይመለስ የእኔን ብስክሌት አዙረው ጎንበስ አሉ። ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሩጀሮ፣ ልጄ፣ በዚህ ነው ዳገት የምትወጣው? ማን አባቱ ነው ያዘዘልህ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ሰኞ ና፣ ትንሹን እንገጥምልሃለን። እግር የሚሠራውን ብረት ቢያግዘው ምን ነውር አለው?»

አንገታቸውን ላንቅ አሰብኩ። ግን ጉንጫቸውን ግራና ቀኝ ሳምኳቸው፤ ሰኞም ሄድኩ።