ጋሽ አንቴና ከጣራው አይወርዱም

በየሰፈሩ ጣራ ላይ የሚኖር አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት አጥቶ አይደለም፤ አልጋውም፣ ወንበሩም፣ ሚስቱም ታች አሉ። መጀመሪያ የሚያፈስ ነገር ልድፈን ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ምሳ ቀረበ ብለው ሲጠሩት እንኳ መሰላሉ የት እንዳለ የረሳ ይመስላል። አንዱ እርግብ ያረባል፣ ሌላው የውሃ ታንከሩን ሲጠብቅ ይውላል። የእኛ ሰፈር ባለጣራ ግን ሳተላይት ያዳምጣሉ።

ክቡር ጋሽ አንቴና በሙያቸው ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው። ይህን ስም ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላቸው ግን ሁሉም ያውቃል። በእጃቸው ይዘው የሚዞሩት አንቴና ከፕላስቲክ ቧንቧና ከብረት ሜትር የተሠራ ነው። ሜትሩ የጎረቤታችን የአናጺው ነበር። "ለአንድ ቀን አውሰኝ" ብለው ወሰዱና የተረፋቸውን ቁራጭ መለሱለት። አናጺው ቁራጩን በመዳፉ ይዞ "ጋሼ፣ እኔ እንግዲህ በምን ልለካ?" ሲላቸው "አንተ የምትለካው ጠረጴዛ ነው፤ የትም አይሄድብህም" አሉት። ሰውየው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ እንጂ ዕቃ አይሰጣቸውም።

ሰፈሩ በሙሉ አንቱ ይላቸዋል። ከሰፈሩ ሰው አንተ የምትላቸው ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ሲያበሽቋት "አንቱ" ትላለች፤ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም ማለት ነው።

የሚያበሽቋት ደግሞ በየቀኑ ነው። ሳተላይቷ ምድርን ስትዞር በእኛ ሰማይ ላይ የምትሰማው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የስፌት መኪናው ሞተር ደግሞ ሬዲዮው ውስጥ ገብቶ ይጮኻል። ስለዚህ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ በእጇ እንዳለ፣ የቀሚሱ ባለቤት በሩ ላይ እንደቆመች፣ ከጣራው ድምፅ ይመጣል።

"የልጄ እናት፣ እየመጣች ነው። መኪናዋን አጥፊልኝ።"

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች። ደንበኛዋ ወደ በሩ እያየች "ማን ናት የምትመጣው?" ትላለች።

"ጣውንቴ" ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስፒሉን ከአፏ ሳታወጣ።

ጣውንቷ ከአንድ ዳቦ አትበልጥም። የሠሯት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ከተማሪዎቹ አንዷ የጋሽ አንቴናና የልብስ ሰፊዋ አንዲት ልጅ ናት። ሳተላይቷ ወደ ሰማይ ወጣች፣ ልጅቷ ደግሞ ተመረቀችና ሩቅ አገር ሥራ አግኝታ ሄደች። ሰማይ የወጣችው ዞራ ዞራ በቤታቸው ላይ ታልፋለች። አውሮፕላን የተሳፈረችው ግን እስካሁን አልመጣችም።

ልጅቷ የሄደች ቀን እናቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ ጋሽ አንቴና ጎንበስ ብለው የሻንጣውን ዚፕ ይመረምሩ ነበር። "ይቺ ላልታለች፤ በገመድ ብትታሰር ይሻላል" አሉ። የመሰናበቻ ቃላቸው ይኸው ነበር። ቤት ሲደርሱ የልጅቷን ክፍል በር ነቅለው ማጠፊያውን ሲያስተካክሉ ዋሉ። በሩ ምንም አልሆነም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይህን ዐይታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ ባሏን ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ነው የጣራው ኑሮ የጀመረው። ከሰማይ የሚመጣው ዘፈን እንዳይመስላችሁ፤ ጩኸት ነው። ስትቀርብ ይቀጥናል፣ ስትርቅ ይወፍራል። ጋሽ አንቴና በአንድ እጃቸው አንቴናውን ወደ እሷ ደግነው፣ በሌላው የሬዲዮውን ቁልፍ ቀስ እያሉ እየመለሱ ይከተሏታል። ያረጀ ላፕቶፕ ጩኸቱን እየሰማ ወደ ቁጥር ይፈታዋል፤ ባትሪዋ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ውስጧ ምን ያህል እንደሞቀ። ከዚያ ጋሽ አንቴና በመሰላሉ ወገብ ላይ ቆመው መግለጫ ይሰጣሉ።

"ዛሬ ትንሽ በርዷታል። ባትሪዋ ግን ሞልቷል፤ በደንብ በልታለች።"

"ልጅህስ በልታለች?" ትላለች ልብስ ሰፊዋ።

"እሷማ ደህና ነኝ ብላለች።"

አንድ ጊዜ የሆቴል ፍሪጅ እየጠገኑ የሳተላይቷ ሰዓት ደረሰ። ዕቃውን እንደተፈታታ ትተው፣ ሥጋው ሁሉ ወለል ላይ እንደተደረደረ፣ አንቴናውን ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ወጡ። ዘበኛው አንድ ትልቅ ሰው የብረት ሜትር ወደ ሕንፃው አቅጣጫ ደግነው ሲሽከረከሩ ዐየና ቀረብ አለ።

"አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ልጄን እየሰማሁ።"

ዘበኛው ቀና ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን መስኮቶች ተራ በተራ ዐየ። ከዚያ በሐዘኔታ ወንበሩን አመጣላቸው። ጋሽ አንቴና ግን ለአንቴናው አይመችም ብለው አልተቀመጡም፤ የሆቴሉ ሥጋም ለውሻ ተረፈ።

የተፈታውን ቁጥር ለልጃቸው በስልክ ይልኩላታል። "ደርሶኛል አባዬ፣ ሙቀቱ ግን ወርዷል አይደል?" ብላ ትጽፍና ወዲያው ትደውላለች። ሁለቱ ስለ ባትሪ ያወራሉ። ስለ ባትሪ ብቻ፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ከሁለቱ አንዱ ሌላ ነገር እስኪናገር ትጠብቃለች። ቤት አገኘሽ ወይ፣ ጓደኛ አለሽ ወይ፣ መቼ ትመጫለሽ። ይህን የምትጠይቀው እሷ ናት፤ ስልኩ ግን እጇ የሚገባው ልጅቷ ወደ ሥራ ልትሮጥ ስትል ነው።

አንድ ቀን ልጅቷ ለእናቷ ለብቻዋ ደወለች።

"እማዬ፣ ሳተላይቷ ቁልቁል እየመጣች ነው። አየሩ ሲወፍርባት ትቃጠላለች። ዛሬ ነገ ነው እንግዲህ።"

"አባትሽ ያውቃል?"

"ቁጥሩን የሚልክልኝ እሱ አይደል? አልነገረሽም?"

አልነገሯትም። ሰሞኑን ገና ሰዓቷ ሳይደርስ ጣራ የሚወጡት፣ የተጠየቁትንም የማይመልሱት ለካ ለዚህ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት። ለዳቦዋ አይደለም ያዘነችው። የአባትና የልጅ ወሬ በሙሉ በዚያች ዳቦ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እሷ ከጠፋች ጋሽ አንቴና ምን ብለው ይደውላሉ? ልጅቷስ ምን ብላ? ሰውየው ያለ ሰበብ ስልክ የሚያነሳ ሰው አይደለም፤ ልጅቷም የሱ ልጅ ናት። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ የምትሸኝ መሰላትና ፈራች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይጠራት መኪናዋን አጠፋች። ደንበኛዋን "ነገ ነይ" ብላ ሸኘች። ከፍታ የምትፈራው ሴት ቀሚሷን ሰብስባ በመሰላሉ ጣራ ወጣች።

"አንቺን ደግሞ ምን አስወጣሽ?" አሉ ጋሽ አንቴና።

"አንተ አልወርድ ስትለኝ ምን ላድርግ?"

ፈገግ እንኳ አላሉም። ሰዓታቸውን ዐዩና አንቴናውን ሳተላይቷ ብቅ ወደምትልበት አቅጣጫ ደገኑ። ሬዲዮው ሽሽሽ ይላል። ቁልፉን ወዲያ ወዲህ አሉት፤ ያው ሽሽሽ ነው። ይሁን እንጂ እጃቸው አልወረደም። በየቀኑ የምትሄድበትን መንገድ ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ አንቴናውን እየጠመዘዙ፣ ባዶውን ሰማይ ከዳር እስከ ዳር ሸኙት። የምትጠልቅበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ላፕቶፑ ላይ አንድም ቁጥር አልወጣም።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰውዬ ስንት ጊዜ እንደረገመችው አሰበች። መኪናዋን ባስጠፋት ቁጥር ነው። አሁን ግን የሌለ ነገር እስከ መጨረሻው የሸኘውን እጁን ዐይታ ወደደችው፤ ያገባችው ጊዜ እንኳ እንደዚህ መውደዷን አታስታውስም።

ስልኩ ጮኸ። ጋሽ አንቴና አንቴናውን መልቀቅ ስላቃታቸው እሷ ከኪሳቸው አወጣችና ድምፁን ከፍታ ያዘችላቸው።

"አባዬ፣ ሰማሃት?"

"አልመጣችም።"

"እኛም ጋ ማንም አልሰማት። በቃ እንግዲህ፣ አለቀች።"

ጋሽ አንቴና ወደ ላፕቶፑ ዐዩ፣ ወደ ሬዲዮው ዐዩ። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ልትገባላቸው፣ "ቆይ እስቲ እኔ ላናግራት" ልትል ነበር። ምላሷ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠችና ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋችው።

"ዛሬ የምነግርሽ ቁጥር የለኝም" አሉ ጋሽ አንቴና። "ናፍቀሽኛል።"

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ልጅቷ ያለችበት ክፍል ውስጥ ሰው ወንበር ሲጎትት ጣራው ላይ ይሰማል።

"አልሰማሁህም አባዬ" አለች ልጅቷ። "ድገምልኝ።"

ጋሽ አንቴና አንቴናውን ጣራው ላይ አስቀመጡ። ስልኩን ከሚስታቸው ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ሰፈሩ ቢሰማም ግድ ሳይሰጣቸው፣ ጮክ ብለው ደገሙላት።