ስለ አባዬ አለመውደቅ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፦ አቶ ወንዳፍራሽ ስቅለት ዕለት እንዳልወደቁ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል።

ቀን፦ ሚያዝያ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ቦታ፦ ኬንት (ከከተማው ወጣ ብሎ)፣ የልዑልቃል ሳሎን
የተገኙ፦ ጥሩዬ (የበኩር ልጅ፣ ሰብሳቢ)፤ ልዑልቃል (ወንድሟ፣ የቤቱ ባለቤት)፤ ኖላዊት (የጥሩዬ ልጅ፣ የቴክኒክ ኃላፊ)፤ ወ/ሮ ባየሽ (ታካሚው በሚኖሩበት በቢከን ሂል ጎረቤታቸው፣ ታዛቢ)፤ አቶ ወንዳፍራሽ (ታካሚና ጸሐፊ)
ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ታካሚው ድምፅ እንደሌላቸው ተነግሯቸዋል።

አጀንዳ 1፦ መውደቅ
ሐኪም በታካሚው ደረት ላይ የለጠፈው ገመድ አልባ መሣሪያ የልብ ምትንና መውደቅን ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጃቸው ስልክ እንደሚናገር ሰብሳቢዋ አስረዱ። ስቅለት ዕለት "አባትዎ ወድቀዋል" የሚል መልእክት አላቋርጥ ስላላቸው ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አምቡላንስ መላካቸውን ገለጹ። ወ/ሮ ባየሽ፣ "ኧረ እየሰገዱ ነበር! በአምቡላንሱ የመጡት ልጆች ምእመኑ ሁሉ ሲወድቅ አይተው ሌላ መኪና ጠሩ እኮ" ሲሉ መሰከሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ታካሚው ቀስ ብለው እንዲሰግዱ ተወሰነ። ወ/ሮ ባየሽ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት እንደሌለ ቢያስታውሱም ውሳኔው ጸና።

አጀንዳ 2፦ ወደ ኬንት መዛወር
አቶ ልዑልቃል፣ አባታቸው ብቻቸውን መኖር ስለማይችሉ እዚህ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ባየሽ፣ "ቀን ቀን ሁላችሁም ሥራ ናችሁ። ቢከን ሂል በእግራቸው ወርደው፣ ባቡር ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። እዚህ ማን ያደርሳቸዋል?" አሉ።
"ራይድ ኦርደር አደርግላቸዋለሁ፣ እትዬ ባየሽ።"
"ይሻላል። አንተማ መንገዱን ከረሳኸው ቆየህ።"
ታዛቢዋ ዝም እንዲሉ ተጠየቁ፤ አላሉም። መዛወሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ውሳኔውን በፍጹም እርጋታ መዝግበው፣ ውሃ ለመጠጣት ወደ ጓዳ ገቡ።

ወዲያው የሰብሳቢዋ፣ የአቶ ልዑልቃልና የወ/ሪት ኖላዊት ስልክ ባንድነት ጮኸ። ወ/ሪት ኖላዊት፣ "ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! የባባ ሃርት ሬት!" በማለት የአያታቸው የልብ ምት መናሩን ሪፖርት አቀረቡ። ጸሐፊው እያለከለኩ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሰብሳቢዋ ወንድማቸውን፣ "አየህ? ገደልካቸው!" ሲሉ በሥነ ሥርዓት ገሠጹ። አቶ ልዑልቃልም፣ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ይቅር! እዚያው ይኑሩ!" በማለት ሐሳባቸውን አነሱ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ታካሚው ቢከን ሂል ይኖራሉ፤ እንደ ልማዳቸው ይሰግዳሉ፤ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ጉባኤው 10 ሰዓት ላይ ተበተነ።

የጸሐፊው ማረሚያ፦ ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። "ውሃ ለመጠጣት" የምትለዋን ብቻ እኔ ፈጠርኳት። የልዑልቃልን የፎቅ ደረጃ በሩጫ ስወጣና ስወርድ ነበር። ውሃው ያስፈለገኝ ከዚያ በኋላ ነው።