የሳጃና ስልክ ቤትን ሁለት ሰርቨሮች ለማለያየት የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ዓርብ መጋቢት 15 ቀን 1998 ዓ.ም.
ቦታ፦ ካርቱም፣ ሳጃና፣ የመረዳጃ ማኅበራችን ስልክ ቤት፣ የጀርባው ክፍል

የተገኙ፦
አቶ በለጠ፣ ሰብሳቢ
አቶ ሙስዐብ፣ የቴክኒክ ኃላፊ (ተወልደው ያደጉት እዚሁ ካርቱም)
ወ/ሪት ማዘንጊያ፣ ጸሐፊ
ወ/ሮ ጦይባ፣ ምልዓተ ጉባኤው በአንድ ሰው ስለጎደለ፣ አገር ቤት ላለችው ልጃቸው ሊደውሉ ወረፋ ከያዙበት ተጠርተው ለዛሬ ብቻ አባል የሆኑ

አጀንዳ 1፦ የሰርቨሮቹን ጥምረት ስለማፍረስ

አቶ ሙስዐብ እንዳስረዱት፣ ስልክ የሚያገናኙት ሁለቱ ሰርቨሮች በክላስተር የተጣመሩት አንዱ ሲቆም ሌላው ሥራውን እንዲረከብ ነበር። አሁን ግን እርስ በርስ መስማማት አቅቷቸዋል። "ሁለቱም 'ያኛው ሞቷል' ይላሉ፣ ሥራውን ይሻማሉ፤ ከዚያ ስልኩ ኸላስ፣ ይቋረጣል!" ብለዋል። ጸሐፊዋ ክላስተር ምን እንደሆነ ባይገባቸውም፣ ራሳቸውን በመነቅነቅ መረዳታቸውን ገልጸዋል።

ሰብሳቢው በምረቃው ዕለት "ይህ ስልክ ቤት አይቋረጥም" ብለው በማይክሮፎን መናገራቸውን አስታውሰው፣ ሰርቨሮቹ ከሚለያዩ በሽማግሌ እንዲታረቁ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሙስዐብ ይህ ቀልድ መሆን አለመሆኑን ጠይቀው፣ ቀልድ እንዳልሆነ ተነገራቸው።

ወ/ሮ ጦይባ፦ "እኔ ከሰው ቤት የምወጣው በጁምዓ ብቻ ነው። ባለፈው ልጄ 'እማ፣ አሞኝ ነበር' ስትለኝ ተቋረጠ። ምን እንዳመማት ሳላውቅ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል ስወለውል ከረምኩ። ያላ፣ አለያዩዋቸው!" አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጥምረቱ እንዲፈርስ ተወሰነ። አቶ ሙስዐብም ሥራውን ሁሉ ወደ አንደኛው ሰርቨር አዛውረው፣ ሁለተኛውን ከጥምረቱ አስወጥተው፣ ክላስተሩን አጠፉት። ወ/ሮ ጦይባ ሄደው ደወሉ። ልጃቸው አነሳች።

አጀንዳ 2፦ ስለተረፈው ሰርቨር

ሰብሳቢው ለቢሯቸው፣ አቶ ሙስዐብ ለመለዋወጫ ጠየቁ። ጸሐፊዋም ለራሳቸው ፈልገውት፣ ቃለ ጉባኤ እስከ ዛሬ በእጅ እንደሚጻፍ በትሕትና አስታወሱ፤ ትሕትናው ጠረጴዛ መደብደብን ይጨምራል። ሰብሳቢው "እንግዲያው ሰርቨሯን ማንም አይወስዳትም!" አሉ።

ሰርቨሩን አንዳችን ለሌላችን ከምንተው ጥምረቱ እንደነበረ ቢመለስ እንደሚሻል ሁላችንም አመንን። ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ጦይባ ስልክ ላይ ስለነበሩ ድምፅ አልሰጡም።

አቶ ሙስዐብ ጥምረቱን ለመመለስ የሚሠራውን ሰርቨር ሊያጠፉ ሲነሱ፣ ከስልክ ክፍሉ መስታወት ወዲያ "ኩፍኝ ኖሯል? አሁንስ ለቀቀሽ? እስቲ ሳቂልኝ" የሚል የወ/ሮ ጦይባ ድምፅ ተሰማ። አቶ ሙስዐብ ተመልሰው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ውሳኔው ወ/ሮ ጦይባ ሲጨርሱ ይፈጸም ብለው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አሰናበቱን።

እኛ ስንወጣ ገና አልጨረሱም ነበር። ቶሎ በሉ ያላቸውም የለም።