ጋሽ ገብረወልድና አርባው አናናስ

እግዜር ሰፈር ሲያቆም መንገድ ሊረሳ ይችላል፤ ውሃና መብራትም ሊያዘገይ ይችላል። ሁሉን አዋቂ ሰው ግን ረስቶ አያውቅም። የትም ቀበሌ ብትሄዱ፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ታገኛላችሁ። ለዚህ ሰው በዓለም ላይ አዲስ ዕቃ የሚባል ነገር የለም። የተሠራው ሁሉ እሱ ድሮ በእጁ የያዘው የአንድ ነገር ዘመድ ነው።

ቦንጋ ውስጥ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የቡና ጥራት መርማሪ ሆነው አገልግለው በክብር ጡረታ ወጥተዋል። ሠናይት ከሺሺንዳ መጥታ የግቢያቸውን የፊት ክፍል ተከራይታ ጭማቂ ቤት ከከፈተች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሳትወድ በግዷ ብዙ ተምራለች። የጭማቂ መፍጫዋን ገና ከካርቶኑ ስታወጣው ነበር “ይሄማ የቡና መፈልፈያ ታናሽ ወንድም ነው” ብለው አጠቃቀሙን ለአንድ ሰዓት ያህል ያስረዷት።

ጋሽ ገብረወልድ “ይሄማ” ካሉ ሰፈሩ ይጠነቀቃል። አንዲት ነርስ የደም ግፊት ልትለካቸው ክንዳቸው ላይ ጨርቁን ብታስር፣ “ይሄማ የብስክሌት መንፊያ ነው” ብለው ኳሷን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ነፉት፤ ጣቶቻቸው እስኪጠቁሩ ድረስ አላቆሙም። ማንኪራ ዘመድ ጥየቃ የሄዱ ጊዜ ደግሞ ዘመናዊ ቀፎ አሳዩዋቸው። “ይሄማ መሳቢያ ነው” አሉና አንዱን ሰፈፍ እንደ ቁም ሳጥን መሳቢያ ጎትተው አወጡት። ሁለት ዓይናቸው ተደፍኖ ቦንጋ ሲገቡ የሰጡት ማብራሪያ አጭር ነበር። “ንቦቹ ናቸው ቀፎውን ያልለመዱት።”

ሠናይት ታዲያ ትሰማቸዋለች። አከራይዋ ናቸው፤ እንደ አባትም ናቸው። ወባ የጣላት ሳምንት ሱቋን ከፍተው ሙዝ ሲሸጡላት የሰነበቱት እሳቸው ናቸው፤ እርግጥ ነው፣ ለእያንዳንዱ ገዢ ሙዝ እንዴት እንደሚላጥ ሳያስተምሩ አልሸጡም።

ባለፈው ሐሙስ የዩኒቨርሲቲውን እንግዶች መስተንግዶ የምታስተባብረው ኮከብ ሱቁ ድረስ መጣች።

“ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፕሮግራም አለን። አርባ ሰው ነው” አለቻት። “ፍራፍሬው በአናናሱ በራሱ ልጣጭ ውስጥ ተሞልቶ ነው እንዲቀርብ የተፈለገው፤ ልጣጩ ልክ እንደ ኩባያ ሆኖ። ትችያለሽ?”

“እችላለሁ” አለች ሠናይት።

ተማሪዎቹ ለእረፍት ከሄዱ ወዲህ ጭማቂ ቤቱ ጭር ብሏል። እናቷ በደወለች ቁጥር “ዝጊና ወደ ቤትሽ ነይ” ነው የምትለው። ይህ ሥራ ካማረ ኮከብ ለየፕሮግራሙ ልትጠራት ቃል ገብታለች። ካላማረ ግን ሠናይት መደርደሪያዋን ነቅላ የሺሺንዳ መኪና ከመሳፈር ሌላ የቀራት መንገድ የለም። ይህን ሁሉም የግቢው ሰው ያውቃል።

ለዚሁ ጉዳይ የሚሆን ዕቃ ነበራት፤ ከጅማ አስመጥታው ገና አልነካችውም። የአናናስ መቦርቦሪያ ነው። ከላይ እጀታ አለው፣ መሃሉ ባዶ የብረት ዘንግ ነው፣ ከታች ደግሞ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ክብ ምላጭ አለ። ልጣጩን ሳይነካ ሥጋውን አውጥቶ፣ መሃል ያለውን ጠንካራ እንጨት በዘንጉ ውስጥ ያስቀራል ይባላል። መመሪያው በቻይንኛ ነው። ገበያው ላይ የተገኘው አናናስ በሙሉ አርባ አምስት ሲሆን፣ ሌላ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ዓርብ ጠዋት ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ስታኖረው ጋሽ ገብረወልድ በር ላይ ደረሱ።

“ይሄማ የእኛው መውጊያ ነው!” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የጠፋ ወንድሙን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ደስታ ነበር። “የቡና ጆንያ ወግተን ከሆዱ ናሙና የምናወጣበት! ይሄን ለእኔ ተይው።”

“ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ አናናስ ነው።”

“ልጣጩ ምንድን ነው ታዲያ? ጆንያው ነው። ጫፉን ታስጠጊያለሽ፣ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፣ ከዚያ አንዴ ነው! እጅሽ ካመነታ ጆንያውም ያውቅብሻል።”

ወጉት። የመጀመሪያው አናናስ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው “ቆዳው ስስ ነው” ተባለና ተደፈጠጠ። ሦስተኛው ከእጃቸው አምልጦ በሩ ድረስ ተንከባለለ። አራተኛውን ሠናይት እንድትወጋ ታዘዘችና ምላጩ በታች በኩል ወጥቶ ጭማቂው ጫማዋን ሞላው። አምስተኛውን ጋሽ ገብረወልድ “አሁን ጠባዩን አውቄዋለሁ” ብለው አነሱት። እሱም ተቀደደ።

ትርፍ የነበሩት አምስቱ አለቁ። ከዚህ በኋላ የሚበላሽ እያንዳንዱ አናናስ ቅዳሜ ባዶ ሳህን የሚቀርብለት አንድ እንግዳ ነው። ጋሽ ገብረወልድ እጃቸውን ወደ ስድስተኛው ሲዘረጉ ሠናይት አናናሱን ነጠቀቻቸው።

“ይበቃል!” አለች። “የማያውቁትን ነገር ለምን አላውቅም አይሉም? ይሄ የእኔ እንጀራ ነው፣ ጋሽ ገብረወልድ! የእርስዎ ጆንያ አይደለም!”

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። እሳቸው ዕቃውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። “እሺ፣ ልጄ” አሉ። ጓሮ ሄደው ቧንቧው ሥር እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ሲታጠቡ በመስኮቱ አየቻቸው።

ብቻዋን ስትቀር ዕቃውን አገላብጣ አየችው። የምላጩ ዙሪያ እንደ ብሎን ጠመዝማዛ ነው። ብሎን ደግሞ አይወጋም። የስድስተኛውን አናናስ አናት ሜዳ እስኪመስል ድረስ ለጥ አድርጋ ቆረጠችው፤ ዘንጉን በመሃሉ እንጨት ልክ አቆመችና ሳትጫን ጠመዘዘችው። ምላጩ ራሱን እየሳበ ወረደ። ጥልቀቱን እንዳታልፍ አስቀድማ ዘንጉን ከአናናሱ ውጪ አስደግፋ ለክታው ነበር፤ ምላጩ ከሥሩ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ላይ ላስቲክ አስራ ምልክት አድርጋለች። ስታወጣው ግን አንቆ ያዛት። በግድ ብትጎትት ልጣጩ እንደሚቀደድ ገባት፤ ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዘው አየር ገባና ሥጋው ሳብ ብሎ ወጣ። ልጣጩ ሙሉ ኩባያ ሆኖ ቀረ። ደስታዋን የምትነግረው ሰው ፈልጋ ወደ በሩ ዞረች፤ በሩ ላይ ግን የቆመ ሰው አልነበረም።

እስከ አመሻሽ ሃያ አንድ አወጣች። ያኔ ግን የእጇ አንጓ አብጦ እንኳን ዕቃውን፣ የበሩን ቁልፍም ማዞር አቃታት። የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ እጇ ላይ ስታስር የጋሽ ገብረወልድ ባለቤት እትዬ ላቀች ገቡ። እጇን አይተው መጀመሪያ በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አጉረመረሙ፣ ከዚያ አጠገቧ ተቀመጡ።

“ምን አልሻቸው፣ ልጄ?”

ሠናይት አንገቷን ደፍታ ነገረቻቸው።

“አበጀሽ” አሉ እትዬ ላቀች። “ሐቅ ነው የተናገርሽው። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ‘እባክዎ አንድ ቀን ዝም ይበሉ’ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ዛሬ ምሳ ቀርቦ፣ ወጡ ጨው በዝቶበት፣ ዝም ብለው በሉ። ሬዲዮኑ ያወራል፣ እሳቸው አይመልሱለትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ።” የእጇን ጨርቅ አጠበቁላት። “ጡረታ ወጥተው ያንን መውጊያ ያስረከቡ ዕለት እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። ኪሳቸው ይከቱታል፣ ያወጡታል። ከዚያ ወዲህ ነው እያንዳንዱን ዕቃ እሱን ማስመሰል የጀመሩት።”

ሠናይት የተናገረችውን ቃል መልሳ መዋጥ ብትችል ትውጠው ነበር። የወጣ ቃል ግን አይመለስም፤ አሥራ ዘጠኙ አናናስም ለጸጸቷ ብሎ አይቦረቦርም።

ቅዳሜ ሲነጋ በሯ ተንኳኳ። ጋሽ ገብረወልድ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

“ላቀች እጅሽ እንዳበጠ ነገረችኝ” አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደገና ጠረጉ። “እኔ ይሄን ዕቃ አላውቀውም፣ ሠናይት። አሳዪኝ።”

ሠናይት ወንበሩን ከፊታቸው ገለል አደረገችና ማሳየት ጀመረች። አናቱን ለጥ አድርገው ይቁረጡት። እንጨቱን መሃል ያግኙ። አይጫኑት፣ ያዙሩት ብቻ። ላስቲኩ ጋ ሲደርሱ ይቁሙ። ሲያወጡት አይጎትቱት፣ ያወዛውዙት። እሳቸው እንደ አዲስ ተማሪ በየቃሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። “ይሄማ” አላሉም።

እጃቸው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጆንያ ሆድ ውስጥ ያለውን ሳያይ ሲያውቅ የኖረ እጅ ነው፤ ከሦስተኛው አናናስ በኋላ ላስቲኩን ማየት ተዉ። ምላጩ ሥሩ ጋ ሲቃረብ በጣታቸው ይሰማቸዋል፤ ሽፋሽፍታቸውን ሳያንቀሳቅሱ ያቆሙታል። አንድም አልተቀደደባቸውም። ሠናይት ባልታመመው እጇ ፍራፍሬውን እየከተፈች ትሞላለች፣ እሳቸው ያወጣሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቃል አልተነፈሱም፤ እሷም ሥራው ያማረላትን ያህል ዝምታው ከበዳት። ያ ሁሉ ማብራሪያ ናፈቃት። ይህን ለሰው ብትናገር የሚያምናት የለም።

ኮከብ ረፋዱ ላይ በባጃጅ መጣች። አንድ በአንድ ቆጠረች፤ አርባ። አንዱን አንስታ ከሥሩ አየችው፤ ጠብታ የለበትም።

“ሠናይት፣ ይሄማ ግሩም ነው! የሚቀጥለው ወር ስብሰባም ያንቺ ነው፤ ከአሁኑ ያዢው” አለች። ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ አገኘው። “ውይ፣ እንደዚህ ያለ እኮ እኔም ቤት አለኝ! አንድ ቀን ሞክሬው ወጥ ቤቱን ጎርፍ በጎርፍ አድርጎት ቁም ሳጥን ላይ ጣልኩት። እንዴት ነው የተጠቀምሽበት?”

ሠናይት ልትመልስ አፏን ከፈተች። ጋሽ ገብረወልድ ጥግ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ምላጩን የሚወለውሉበትን ጨርቅ ያጥባሉ። ቀና አላሉም። እንደማይጠየቁ የሚያውቁ ሰው ሆነው ነበር የቆሙት።

“እኔ ምኑንም አላውቅ” አለች። “ጋሽ ገብረወልድን ጠይቂያቸው። የዚህ ነገር አዋቂ እሳቸው ናቸው።”

ዞሩ። ሠናይትን አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። እሷ ኩባያዎቹን በጥንቃቄ ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች፤ ሥራ በዝቶባታል። ጋሽ ገብረወልድ እጃቸውን አደራርቀው፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወደ ጠረጴዛው መጡ።

“ነይ ቅረቢ፣ ልጄ” አሉ ኮከብን። “መጀመሪያ ነገር፣ ይሄ ዕቃ አይወጋም! የሚወጋው ሰው ካየሽ፣ ምንም እንደማያውቅ ዕወቂ።”

ሠናይት ከንፈሯን ነክሳ ካርቶኑ ውስጥ አጎነበሰች።

“ይዞራል እንጂ አይገፋም። ቻይናዎቹ ሲሠሩት ይሄን አስበው ነው፤ እኔ ገና ሳየው ገብቶኛል። ደግሞ ስታወጪው አትጎትቺ፣ አየር ይፈልጋል። አየር ያልገባው ነገር መቼ ይወጣል? ቡናም እንደዚሁ ነው፣ ላስረዳሽ…”

ባለ ባጃጁ ጡሩንባ ነፋ። ኮከብ ሰዓቷን አየች። የጋሽ ገብረወልድ ድምፅ ግን አጥሩን አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ከዓርብ ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ነው የመጣው። ከግቢው ውስጥ፣ ከማጀቱ በኩል፣ እትዬ ላቀች “ተመስገን!” ሲሉ ተሰማ።

ሠናይት ካርቶኑን እንደያዘች፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “አሜን” አለች።